የመጸው ወይን ፓንች ምንድን ነው?

ፓንች ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት ያገኙትን ሁሉ ጆግ ውስጥ ገልብጦ ማማሰል ነው። እንደዛ ከሆነማ ጭማቂ የገባበት ወይን ብለን እንተወው ነበር። ፓንች ወይን ጠጅ ከፍራፍሬ፣ ከጭማቂና ከቅመም ጋር ተዋህዶ በትልቅ ዕቃ ተዘጋጅቶ ለብዙ ሰው የሚቀዳ መጠጥ ነው። "የመጸው" የሚያሰኘው ደግሞ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሚደርሱት ፍሬዎች ናቸው፦ ፖም፣ ፒር፣ ፕለም፣ ሮማን፣ የወይን ፍሬ። ከነሱ ጋር ቀረፋና ቅርንፉድ ሲገባ ከበጋው ቀለል ያለ መጠጥ ይለያል።

አውሮፓውያን ፓንችን የለመዱት በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ ሕንድ ይመላለሱ በነበሩ የእንግሊዝ መርከበኞች በኩል ነው። ያኔ መሠረቱ ጠንካራ አረቄ ነበር፤ ሎሚ፣ ስኳር፣ ውሃና ቅመም ይጨመርበታል። በወይን የሚሠራው ብዙ ዘመድ አለው። ጀርመኖች "ቦውለ" የሚሉት ቀዝቃዛ፣ "ግሉዋይን" የሚሉት ደግሞ ትኩስ አላቸው። ሳንግሪያ ከሁሉም የታወቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደሚለው፣ ሳንግሪያ በሚል ስም ብቻውን መሸጥ የሚችለው ስፔን ወይም ፖርቱጋል ውስጥ የተሠራው ነው። ቤታችሁ ለምትሠሩት ግን የፈለጋችሁትን ስም አውጡለት፣ ጠያቂ የለም።

አሁን ወደ ወይኑ። ውድ ወይን አትግዙ፤ ቅመሙና ጭማቂው ያን ሁሉ ረቂቅ ጣዕም ስለሚሸፍኑት ገንዘብ ማባከን ነው። በሌላ በኩል የኮመጠጠ ወይን ስኳር ስለበዛበት ብቻ አይድንም። ራሱን ችሎ የሚጠጣ፣ መካከለኛ የሆነ ይበቃል። ከዋጋው ይልቅ ዓይነቱ ላይ ተጠንቀቁ። አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚባለው ነገር ወይኑ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ይመርራል፣ ጣፋጭነቱ ደግሞ ይደበዝዛል፤ ለዚህ ነው ከምግብ ጋር ግሩም የነበረ ከባድ ቀይ ወይን በረዶ ሲነካው የሚከፋው። ስለዚህ እንደ ሜርሎ፣ ጋርናቻ ወይም ፒኖ ኗር ያለ ለስላሳና የፍራፍሬ ጣዕም ያለውን ምረጡ። ነጭ ከወደዳችሁ ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ ሪዝሊንግ ከፖምና ከፒር ጋር በጣም ይሄዳል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የዚህ መጠጥ ዋናው ሥራ ወይኑ ላይ ሳይሆን ሽሮፑ ላይ ነው። ስኳር ቀዝቃዛ ወይን ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም፣ ታች ይቀመጣል፣ የመጨረሻው ብርጭቆ የደረሰው ሰው ስኳር ይጠጣል። ቅመምም ቢሆን በቀዝቃዛ ወይን ውስጥ ጣዕሙን ለመስጠት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሽሮፑን አስቀድማችሁ ሥሩ፦ አንድ ስኒ ስኳርና አንድ ስኒ ውሃ፣ ሁለት እንጨት ቀረፋ፣ አራት ፍሬ ቅርንፉድና ጥቂት ቁራጭ ዝንጅብል አድርጋችሁ ለ5 ደቂቃ ቀቅሉት፣ ክደኑት፣ ይቀዝቀዝ፣ አጥልሉት። ቅርንፉዱን አታብዙ። ሲበዛ መጠጡ የጥርስ ሐኪም ክፍል ይሸታል።

ፍሬው ቀጭን ተደርጎ ይቆረጥ። የፖሙን ልጣጭ ተዉት፣ ቀለሙ ያምራል። የተቆረጠ ፖም አየር ሲነካው ስለሚጠቁር ወዲያው ሎሚ ጭመቁበት። ብርቱካን ካስገባችሁ ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ነገር መራራ ስለሆነ፣ ፓንቹን ልታሳድሩት ካሰባችሁ ብርቱካኑን ልጣችሁ አስገቡ። የበሰለ ፒር ቶሎ ይፈርሳል፤ እሱ መጨረሻ ላይ ይግባ።

ልኩ ይህን ይመስላል፦ አንድ ጠርሙስ ማለትም 750 ሚሊ ሊትር ወይን፣ ግማሽ ሊትር የፖም ጭማቂ፣ ፍሬው፣ ከሽሮፑም መጀመሪያ ግማሹ ብቻ። ቅመሱና ጨምሩ፤ ስኳር ማከል ይቻላል፣ ማውጣት አይቻልም። ከዛ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ሩብ ሊትር የሚሆን ጋዝ ያለው ውሃ የሚጨመረው ሊቀርብ ሲል ነው፣ ቀድሞ ከገባ ጋዙ ይጠፋል። በረዶ ጆጉ ውስጥ አትክተቱ፣ መጠጡን ያቀጥነዋል። የወይን ፍሬ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ እስኪሆን አቆይታችሁ በሱ ፋንታ ጨምሩ፤ ያቀዘቅዛል እንጂ አያቀጥንም።

ስለ አልኮሉ ትንሽ። ወይኑ 12 በመቶ ከነበረ፣ ከላይ ባለው ልክ ወደ 6 በመቶ ይወርዳል፤ ሽሮፑ ደግሞ ትንሽ ይቀንሰዋል። 100 ሚሊ ሊትር ብራንዲ የሚጨምሩ አሉ፣ ያኔ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። ችግሩ ጣፋጭ ስለሆነ አይታወቅም፣ ሰው እንደ ጭማቂ ይጨልጠዋል። ከታች የሚቀረው ፍሬም አልኮል ጠጥቷል። ልጆች ካሉ ፍሬውን ከነሱ አርቁት፣ ለነሱ በፖም ጭማቂና በሽሮፑ ብቻ ሌላ ጆግ ሥሩላቸው።

ቀኑ ከቀዘቀዘና ትኩስ ካማራችሁ ጋዝ ያለውን ውሃ ተዉትና በዝግታ አሙቁት። አይፍላ! አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚፈላ ከዛ ካለፈ ቶሎ ይተናል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። እንፋሎት መታየት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ።

ከተረፈ ፍሬውን አውጥታችሁ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። በማግስቱም ይጠጣል፣ ትኩስ ጋዝ ያለው ውሃ ብቻ ጨምሩበት፤ ትኩስ ስል አዲስ የተከፈተ ማለቴ ነው።