የሰው ልጅ ዕድገትና የቤተሰብ ጥናት በዩኒቨርሲቲ

የሰው ልጅ ዕድገትና የቤተሰብ ጥናት፣ ሰው ከፅንስ እስከ እርጅና እንዴት እንደሚለወጥና ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤት፣ ሥራና ሕግ በዚያ ለውጥ ላይ ምን እንደሚያደርጉ የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነው። በዚህ ስም በስፋት የሚሰጠው በአሜሪካ ነው፤ ሌላ ቦታ ይዘቱ በሥነ ልቦና፣ በሶሲዮሎጂ፣ በማኅበራዊ ሥራና በቅድመ መደበኛ ትምህርት ክፍሎች ተበታትኖ ይገኛል። ከሥነ ልቦና የሚለየው ጥያቄውን ሲያነሣ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሌሊት እየነቃ ቢያስቸግር፣ የእናቱ የሌሊት ተረኝነት፣ የወላጆቹ አለመግባባትና ከታላቁ ጋር የሚጋራው ክፍል ከልጁ ጠባይ እኩል ይጠናሉ።

ዘርፉ የወጣው ከቤት አያያዝ ትምህርት፣ ከሆም ኢኮኖሚክስ ነው። ኬሚስቷ ኤለን ስዋሎው ሪቻርድስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1899 በኒው ዮርክ ግዛት ሌክ ፕላሲድ ላይ በጀመሯቸው ጉባኤዎች አማካይነት፣ የአሜሪካ ሆም ኢኮኖሚክስ ማኅበር በ1909 ተመሠረተ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ታሪክ አሁንም በየክፍሉ ይነሣል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ1920 ገደማ ጀምሮ ሕፃናትን ከማሳደጊያ በውሰት እያመጣ፣ ተማሪዎቹ በተራ በተራ እየተቀያየሩ እንዲያሳድጓቸው ያደርግ ነበር። ምግቡና እንቅልፉ በሰዓት የተለካ ነበር፤ የሚቀያየረው ተንከባካቢው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ጆን ቦልቢና ሜሪ ኤይንስዎርዝ ሕፃን ከማይለዋወጥ ተንከባካቢ ጋር ስለሚመሠርተው ቁርኝት የሠሩትን ያነበበ ተማሪ ችግሩ የቱ ጋ እንደነበር ለማየት አይቸገርም። የኮርኔል ሆም ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ በ1969 ስሙን ወደ ሰው ኢኮሎጂ ለወጠ።

የመጀመሪያ ዲግሪው በአሜሪካ ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ገደማ ሲሆን አራት ዓመት ይወስዳል። መግቢያው ሥነ ልቦና፣ ሶሲዮሎጂና ስታቲስቲክስ ነው። ከዚያ ሕፃንነት፣ ጉርምስና፣ ጎልማሳነትና እርጅና በየራሳቸው ኮርስ ይመጣሉ፤ የቤተሰብ ንድፈ ሐሳብ፣ የቤተሰብ ሀብት አያያዝ፣ ሕግና ፖሊሲም አብረው ይሄዳሉ። «ልጅ እወዳለሁ» ብሎ የሚገባ ብዙ ነው፤ የሚደናቀፈው ግን ስታቲስቲክስና የጥናት ዘዴ ላይ ነው።

በንድፈ ሐሳብ በኩል፣ የልጅን ዕድገት ከከበቡት ዐውዶች ጋር አያይዞ ያጠናውን የሥነ ልቦና ተመራማሪ የዩሪ ብሮንፈንብሬነርን ስም የማይጠራ መምህር የለም። ልጁን መሐል አድርጎ በዙሪያው የሚሣለው ክብ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ስሕተቱም ከዚያ ይጀምራል። ሜሶሲስተም የሚባለው ቦታ አይደለም፤ ልጁ በሚውልባቸው ሁለት ቦታዎች መካከል ያለ ግንኙነት ነው፣ ለምሳሌ ወላጅና መምህሩ የሚነጋገሩት ነገር። ኤክሶሲስተም ደግሞ ልጁ የማይገኝበት፣ ነገር ግን የሚነካው ቦታ ነው፤ የእናቱ መሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓት ሲለውጥ ልጁ እራቱን የሚበላው ከማን ጋር እንደሆነ ይለወጣል። ብሮንፈንብሬነር ራሱ ቆየት ብሎ፣ ተመራማሪዎች ዐውዱን እያጠኑ ዕድገቱን ረሱት ሲል ወቅሷል። ለእሱ ሞተሩ በየዕለቱ የሚደጋገምና ቀስ በቀስ የሚወሳሰብ የሁለትዮሽ መስተጋብር ነበር።

ተማሪው እጁን የሚያሟሸው በምልከታ ነው። በዩኒቨርሲቲው የሕፃናት መዋያ፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳይ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ፣ አንድን ልጅ ለ10 ደቂቃ እያየ ይጽፋል። የመጀመሪያው ረቂቅ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ልጁ ተናደደ» ይላል። መምህሩ ይሰርዘዋል። የታየው «ብሎኩን በሁለት እጁ አንሥቶ መሬት ላይ ወረወረው፤ ወደ በሩ ዞረ፤ 20 ሰከንድ ያህል ዝም አለ» ነው። ንዴት የተመልካቹ ግምት ነው፤ ካስፈለገ በተለየ ዓምድ ይሰፍራል።

ቀጥሎ ምልከታው ወደ ቁጥር ይለወጣል። ሁለት ተመልካቾች በየ15 ሰከንዱ «ብቻውን ይጫወታል» ወይም «ከሌላ ጋር ነው» ብለው ምልክት ያደርጋሉ እንበል። 82 ከመቶ ቢስማሙ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱም ከ100 ጊዜ 90ውን «ብቻውን» ብለው በዘፈቀደ ቢሞሉ እንኳ የሚስማሙት 82 ከመቶ ነው። በዕድል የሚገኘውን ስምምነት የሚቀንሰው የኮኸን ካፓ የሚሰላው ለዚህ ነው፤ በዚህ ምሳሌ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል።

ዕድሜን ማጥናት የራሱ ወጥመድ አለው። የ20 እና የ70 ዓመት ሰዎችን ዛሬ ብታወዳድር፣ ልዩነቱ የዕድሜ ይሁን የትውልድ አትለይም። ያንኑ ሰው ለዓመታት ብትከታተል ደግሞ የሚጠፋብህ ይበዛል፤ አድራሻ የለወጠውና የተቸገረው ቤተሰብ ቀድሞ ስለሚወጣ የቀረው ናሙና ከእውነታው የተሻለ ይመስላል። ሶሲዮሎጂስቱ ግሌን ኤልደር በ1974 ያሳተመው ጥናት በ1920 እና 1921 የተወለዱ የካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከተማ ልጆችን የተከተለ ሲሆን፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የደረሰባቸው ወደ ጉርምስና ሲቃረቡ ነው። በኋላ በ1928 እና 1929 ከተወለዱት የበርክሌይ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ችግሩ በሕፃንነት የደረሰባቸው ወንዶች ልጆች የበለጠ ተጎድተው ተገኙ። ክስተቱ አንድ ነው፤ ያገኛቸው ግን በተለያየ ዕድሜ ነው። ከቤተሰብ መረጃ ጋር ሌላም ስሕተት ይመጣል፦ 100 ባልና ሚስት ጠይቆ፣ መልሳቸው የማይዛመድ 200 ሰዎችን እንደጠየቁ ማስላት። የባልና የሚስት መልስ ስለሚዛመድ ስሌቱ ያልተገኘን ውጤት እንደተገኘ ሊያሳይ ይችላል።

በመጨረሻዎቹ ሴሚስተሮች የተግባር ልምምድ አለ። ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው የወንጀል ነጻ ማረጋገጫ ስለሚጠየቅና ማረጋገጫው ስለሚዘገይ፣ ቦታውን አንድ ሴሚስተር ቀድሞ መያዝ ያዋጣል። ለጥናት ከወላጅ ፈቃድ በተጨማሪ የልጁ የራሱ እሺታም ያስፈልጋል፤ ልጁ እንቢ ካለ ጥናቱ ይቆማል። ጀማሪ ከሚያጠፋቸው ሁሉ ከባዱ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ለልጅ ቃል መግባት ነው፤ ጥቃት ከተጠረጠረ የማሳወቅ ግዴታ ስላለ ያ ቃል አይጠበቅም።

ተመራቂው በቅድመ ልጅነት ፕሮግራሞች፣ በወላጅነት ሥልጠና፣ በአረጋውያን አገልግሎትና በቤተሰብ ፖሊሲ ይሠራል። በ1938 የተቋቋመው የቤተሰብ ግንኙነት ብሔራዊ ምክር ቤት በአሜሪካ በ10 የይዘት ዘርፎች ላይ የተመሠረተ የቤተሰብ ሕይወት አስተማሪነት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የቤተሰብ ቴራፒስት መሆን ግን አይቻልም፤ ለዚያ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ክትትል የሚደረግበት የሕክምና ልምምድና ፈቃድ ያስፈልጋል።