«ኦፍ ሮድ» ፓርክ ውስጥ ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ባሌ ለመሄድ መኪና የሚያሰናዳው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «ፎር ዊል ካለኝ ፓርኩ ውስጥ ሳነቴ አምባ ላይ በፈለግኩበት መንዳት እችላለሁ?»

አትችሉም። ግራ የሚያጋባው ቃሉ ነው። እኛ አስፋልት የሌለውን ሁሉ «ኦፍ ሮድ» እንላለን፤ የጌራ ገጠር ጭቃም ኦፍ ሮድ ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ግን ክልክል የሆነው ከተከፈተው መንገድ መውጣት ነው፤ መንገዱ ጠጠር ይሁን አስፋልት ለውጥ የለውም።

ለምሳሌ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። በእሱ መንዳት ይቻላል። ተገንጥሎ 4,377 ሜትር ወደሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ የሚወጣ የመኪና መንገድም አለ። ለፎቶ ብላችሁ ሃያ ሜትር ወደ ሣሩ ብትገቡ ግን ጥፋት ነው። የሌላ መኪና የጎማ ዱካ ማየትም ፈቃድ አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሜዳው ባዶ ይመስላል እንጂ ከሥሩ የግዙፉ ፍልፈል ጉድጓድ ሞልቷል። ይህ ፍልፈል ከባሌ ሌላ የትም የለም፤ የቀይ ቀበሮው ዋና ምግብም እሱ ነው።

ይህን ያህሉ እርግጥ ነው። የሚለዋወጠው ክፍያው፣ የስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ጉዳይና በክረምት የሚበላሸው መንገድ ነው። እሱን ዲንሾ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በሻሸመኔ በኩል ስትመጡ ከጎባ በፊት የምታገኙት ዲንሾን ስለሆነ መመለስ አያስፈልጋችሁም።