ስልታዊ ሥነ መለኮት በባፕቲስቶች ዘንድ

ስልታዊ ሥነ መለኮት የክርስትናን ትምህርት በየርእሱ ለይቶ፣ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዞ የሚያቀርብ የትምህርት ዘርፍ ነው። ጥምቀት ለሚያምን ሰው ብቻ ነው የሚሉት የባፕቲስት መምህራን መጻሕፍት እንደ ሌሎቹ ፕሮቴስታንቶች ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሥልጣን ተነሥተው ስለ ሥላሴ፣ ስለ ፍጥረት፣ ስለ ሰው ውድቀት፣ ስለ ክርስቶስና ስለ ድኅነት ያትቱና በመጨረሻ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ዳግም ምጽአት ይደርሳሉ። በአብዛኞቹ ምዕራፎች እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ መርጧል ከሚሉት ከካልቪን ተከታዮች፣ ወይም ጸጋው ለሁሉ ቀርቦ ሰው ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል ከሚሉት ከአርሚኒየስ ተከታዮች እምብዛም አይለዩም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው የቤተ ክርስቲያን አባል ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ነው፤ ስለዚህ አንባቢው ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ከተገፋው ከዚህ ምዕራፍ ቢጀምር ይሻለዋል።

ጥያቄው መልክ የያዘው በ1609 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአምስተርዳም ነው። ከእንግሊዝ የተሰደደው ጆን ስሚዝ በሕፃንነቱ የተፈጸመለትን ጥምቀት ከቁጥር ሳያስገባ ራሱን አጠመቀ፤ ቀጥሎም ቶማስ ሄልዊስንና ሌሎቹን ምእመናን አጠመቀ። ሄልዊስ ወደ አገሩ ተመልሶ ንጉሥ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን እንደሌለው በ1612 ባሳተመው መጽሐፍ ስለጻፈ ታሰረ፣ ሕይወቱም በእስር ላይ አለፈ። የእነርሱ ወገን ክርስቶስ ለሰው ሁሉ ሞቷል ብሎ ስለሚያስተምር ጄኔራል ባፕቲስት ተባለ። በ1630ዎቹ በለንደን የተነሡት ፓርቲኩላር ባፕቲስቶች ደግሞ የካልቪንን ትምህርት ተከትለው ቤዛነቱ ለተመረጡት ብቻ ነው አሉ። በዚህ ነጥብ ላይ ያለው ክርክር ዛሬም አልተቋጨም፤ ጥምቀት ለሚያምን ብቻ ነው በሚለው ግን ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ።

ፓርቲኩላር ባፕቲስቶች በ1677 አዘጋጅተው በ1689 ያጸደቁት የእምነት መግለጫ ሕፃናትን ከሚያጠምቁት የካልቪን ተከታዮች ከፕሬስቢቴሪያኖቹ የዌስትሚንስተር መግለጫ ጋር ጎን ለጎን ሲነበብ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ባፕቲስቶቹ ከሌሎች ፕሮቴስታንቶች ጋር ያላቸውን አንድነት ለማሳየት ስለፈለጉ አብዛኛውን ቃል እንዳለ ወስደዋል። ጥምቀት ላይ ሲደርሱ ግን ዌስትሚንስተር ሰውን በውሃ ውስጥ ማጥለቅ የግድ አይደለም ያለውን፣ እነርሱ ለሥርዓቱ በተገቢው መንገድ መፈጸም አስፈላጊ ነው ብለው ገለበጡት። ከዚህ የሚልቀው ለውጥ በቃል ኪዳን ምዕራፍ ላይ ያደረጉት ነው። ፕሬስቢቴሪያኖች የአብርሃም ልጆች እንደተገረዙ ሁሉ የአማኞች ልጆችም ይጠመቃሉ የሚሉት የጸጋው ቃል ኪዳን በሁለቱም ኪዳናት አንድ ነው በሚል መነሻ ነው። ባፕቲስቶች የጸጋው ተስፋ ከአዳም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲገለጥ ኖሮ በአዲስ ኪዳን ተፈጸመ ይላሉ፤ በኤርምያስ 31 እንደተጻፈው የአዲሱ ኪዳን ሕዝብ ሁሉ ጌታን የሚያውቅ ስለሆነ፣ በትውልድ ብቻ አባል የሚሆን የለም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን በምትጠመቅበት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያደገ አንባቢ የልዩነቱን ስፋት ወዲያው ያስተውላል።

ትምህርቱን ዳር እስከ ዳር በመጽሐፍ ካደራጁት ቀደምት መምህራን አንዱ የለንደኑ መጋቢ ጆን ጊል ነው፤ የአስተምህሮ ሥራው በ1769 ወጣ። አንድሩ ፉለር በ1785 ወንጌል ለሰው ሁሉ ሊሰበክ ይገባል ብሎ የተከራከረበት ጽሑፍ ካልቪናዊነትን ከስብከት ጋር ያስታረቀ ሲሆን፣ በ1792 ለተመሠረተው የባፕቲስት ሚሲዮን ማኅበርም መንገድ ጠርጓል። በአሜሪካ ጄምስ ፔቲግሩ ቦይስ በ1887 ያሳተመው መጽሐፍ ለደቡቡ ባፕቲስቶች፣ ኦገስተስ ስትሮንግ በ1886 ያወጣው ደግሞ ለሰሜኖቹ ለረጅም ጊዜ መማሪያ ሆነ። ቦይስም ሆነ አብረውት የደቡብ ባፕቲስቶችን የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት (ሴሚናሪ) ያቋቋሙት መምህራን የባሪያ አሳዳሪዎች እንደነበሩ ተቋሙ ራሱ በ2018 ባወጣው ሪፖርት አምኗል፤ ስለ ነፍስ ነጻነት የሚያስተምር ወገን ይህን ያህል ጊዜ ከራሱ ትምህርት ጋር መጣላቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

አሜሪካዊው መምህር ኤድጋር ያንግ ሙሊንስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነፍስ ያለ ሌላ ሰው አማላጅነት በእግዚአብሔር ፊት መቆም ትችላለች የሚለውን የባፕቲስቶች መሠረታዊ ሐሳብ አደረገው። በእኔ ግምት ይህ አቀራረብ የጉባኤውን ቦታ አሳንሶታል። ሌላው አሜሪካዊ መምህር ጄምስ ማክሌንደን በበኩሉ በ1986 የጀመረውን ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ የከፈተው በሥነ ምግባር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንዴት መኖር አለባት የሚለው ምን ማስተማር አለባት ከሚለው ይቀድማል ብሎ ስለሚያምን አስተምህሮን በሁለተኛው ቅጽ አስቀመጠ።

ባፕቲስቶች ጳጳስም ሆነ በአጥቢያ ላይ የሚያዝ ሲኖዶስ ስለሌላቸው፣ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ የትኛውም በራሱ አስገዳጅ አይደለም፤ መጋቢ የሚመርጠውም የሚያሰናብተውም የአጥቢያው ጉባኤ ነው። ይህ ሲፈተን የታየው በአሜሪካ ትልቁ የባፕቲስት አጥቢያዎች ኅብረት በሆነው በሳዘርን ባፕቲስት ኮንቬንሽን ነው። የኮንቬንሽኑ የ2000 የእምነት መግለጫ የመጋቢነትን አገልግሎት ለወንዶች ብቻ ስለሚወስን፣ ሴቶችን በመጋቢነት የሾመችው የካሊፎርኒያዋ ሳድልባክ ቤተ ክርስቲያን በ2023 ከኅብረቱ ተሰናበተች። ኮንቬንሽኑ ግን መጋቢዎቿን መሻርም ሆነ ሕንጻዋን መውሰድ አይችልም፤ ሥልጣኑ የሚደርሰው ተወካዮቿን በጉባኤው ላይ አለመቀበል ድረስ ብቻ ነው።