ሰው ሲፈጠር ክፉ ነበር?

ክርስትና ሰው በተፈጥሮው ክፉ ነው ብሎ የሚያስተምር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ዘፍጥረት 1፥31 እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ እጅግ መልካም እንደነበረ ይናገራል። ሰውም እዚያው ውስጥ አለ። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ (354–430) ክፋትን የመልካም ነገር መጉደል ነው ያለውም ለዚህ ነው። ዕውርነት የማየት አለመኖር እንጂ ራሱን የቻለ ነገር እንዳልሆነ ሁሉ፣ ክፋትም የራሱ ህልውና የለውም።

ታዲያ ጥንተ አብሶ ምንድን ነው? የአዳም ውድቀት በዘሩ ላይ ያመጣው ጉዳት ነው። እዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። አውግስጢኖስ በደሉም ጭምር ለልጆቹ እንደሚተላለፍ አስተምሯል። በምሥራቁ ኦርቶዶክሳዊ ትምህርት ግን ትኩረቱ ሞትና ወደ ኃጢአት ማዘንበል ላይ ነው።

በጣም የሚያደናግረው የካልቪናውያን (የጆን ካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች) "ፍጹም ብልሹነት" ይመስለኛል። ስሙ ራሱ ያስደነግጣል! ግን ሁሉም ሰው የክፋት ጥግ ደርሷል ማለት አይደለም። አእምሮ፣ ፈቃድ፣ ስሜት፣ አንዱም ሳይነካ አልቀረም ማለት ነው። እንዲህ የሚያምን ሰው ጎረቤቱ ደግ መሆኑን አይክድም። ደግነቱ ብቻውን ያድነዋል የሚለውን ነው የማይቀበለው።

ጳውሎስ በሮሜ 7 ላይ የሚወደውን በጎ ነገር ትቶ የሚጠላውን እንደሚያደርግ ይናገራል። በጎውን መውደዱ እዚያው አለ፤ ይህን ማለፍ አይገባም። መውደዱ ብቻውን ይበቃል ማለት ግን አይደለም። በአውግስጢኖስ ዘመን የነበረው መምህር ፔላጊየስ ሰው ያለ ልዩ ጸጋ በራሱ ፈቃድ መልካም መሆን ይችላል ብሎ ነበር። በ418 የካርታጎ ጉባኤ ትምህርቱን አወገዘ።