የተራራ ጉዞ በከፍታ ቁጥር አይመረጥም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሐዋሳ ቅዳሜ ማለዳ ታቦር ተራራን የሚወጡ ወጣቶች እየበዙ መጥተዋል። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ከተለማመዱ በኋላ ዓይናቸውን ወደ ባሌ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ አልፎ ተርፎም ወደ ኪሊማንጃሮ ያነሣሉ። ምኞቱ የሚያስደስት ነው። ከእንዲህ ያሉ ቡድኖች ጋር ለዓመታት ስጓዝ የታዘብኩት ግን፣ ሰዎች የሚቸገሩት አቅም አንሷቸው ሳይሆን ለአቅማቸው የማይስማማ ጉዞ መርጠው መሆኑን ነው። የምርጫው ስሕተት ደግሞ የሚመነጨው ከአንዳንድ ሥር ከሰደዱ አመለካከቶች ነው።

«ተራራው ከፍ ባለ ቁጥር መውጣቱ ይከብዳል»

ስለ አንድ ተራራ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ሜትር ነው?» የሚል ነው። ይህ ቁጥር ስለ አየሩ ይነግረናል እንጂ ስለ መንገዱ የሚነግረን ነገር የለም። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው የአፍሪካ ቁንጮ ቢሆንም በተለመዱት መንገዶቹ ያለ ገመድ በእግር ይወጣል። የኬንያ ተራራ ከእርሱ 700 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ሆኖም ተጓዦች በእግር የሚደርሱበት ሌናና የተባለው ጫፉ 4,985 ሜትር ሲሆን፣ ከፍተኛው ጫፍ ባትያን (5,199 ሜትር) በገመድ ብቻ የሚወጣ ቀጥ ያለ ዐለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 214 ሜትር የእግር መንገደኛንና የዐለት ወጪን የሚለይ ነው። በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር የሚገኘው የሩዌንዞሪ ተራራ ማርጋሪታ ጫፍ (5,109 ሜትር) በበረዶ ግግር ላይ ስለሚያስኬድ፣ ከጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስና ገመድ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእነዚህ የመጠቀም ልምድ ይጠይቃል። በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር የቆመው ማተርሆርን 4,478 ሜትር ነው፤ በከፍታ ከራስ ደጀን ያንሳል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1865 ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጡት ሰባት ሰዎች አራቱ ሲወርዱ ወድቀው ሞተዋል።

ስለዚህ ከሜትሩ በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ፦ በየሌሊቱ የሚታደረው በስንት ሜትር ላይ ነው? መንገዱ እግር ብቻ ይበቃዋል ወይስ እጅና ገመድ ይፈልጋል? አንድ ሰው ቢታመም በስንት ሰዓት ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድ ይቻላል? እነዚህን የመለሰ ሰው ተራራው ለእርሱ የሚሆን መሆኑን አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል።

«እኛ ኢትዮጵያውያን የከፍታ ሰዎች ነን፤ አይነካንም»

ከሁሉም ይልቅ ደጋግሜ የምሰማው ይህ ነው፤ ረዘም ላለ ማብራሪያ የሚገባውም እርሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቤል የተመራ ጥናት 3,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚኖሩ የሰሜን ተራሮች አካባቢ ነዋሪዎችን መርምሮ፣ የደማቸው የሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) መጠንና የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ሆኖ አግኝቶታል። ይህ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ከተላመዱበት መንገድም ሆነ የቲቤት ሰዎች ከተላመዱበት የተለየ ነው፤ የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ሲሆን፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት ዝቅ ያለ ነው።

ነገር ግን ጥናቱ የተደረገው ተወልደው ባደጉበት ከፍታ ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የወይና ደጋ ከተማ ናት። አባቶቻችን ምድሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ከከፈሉት በኋላ ከደጋው በላይ ላለው «ውርጭ» የሚል የተለየ ስም የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በየትኛውም ከፍታ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በባሌው ቱሉ ዲምቱ (4,377 ሜትር) ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ 5,500 ሜትር ላይ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሰውነት ይህን የሚለምደው በዝግታ፣ በቀናት ውስጥ ነው፤ የለመደውንም ወደ ዝቅተኛ ቦታ ተመልሶ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ይረሳዋል። ስለዚህ አያቱ የአርሲ ደገኛ የሆነ፣ ራሱ ግን በሐዋሳ ተወልዶ ያደገ ወጣት፣ ከማንኛውም የሌላ አገር እንግዳ ባላነሰ ጥንቃቄ መውጣት ይገባዋል።

የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲታደር የሚጀምር ሲሆን፣ ምልክቶቹም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ናቸው። እነዚህ ቀለል ያሉት ናቸው። ሲራመዱ እንደ ሰካራም መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት፣ ወይም ቁጭ ብለው እንኳ ትንፋሽ ማጠር ሲመጣ ውኃ በአንጎል ወይም በሳንባ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰውየውን ማውረድ ያስፈልጋል።

«ስፖርተኛን አይጥለውም»

ጥንካሬ ዳገቱን ያቀልላል እንጂ ከከፍታ ሕመም አይከላከልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐዋሳ በማለዳ ተነሥተን፣ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርገን ጎባ ከደረስን በኋላ በዚያው ቀን ወደ ሳኔቲ አምባ ወጥተን ድንኳን ተከልን። ዕቅዱን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። አምባው 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ በአንድ ቀን ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥተን ማደራችን ነበር። ከመካከላችን ብርቱው፣ በየማለዳው በፍቅር ሐይቅ ዳርቻ የሚሮጠው ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው አደረ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡትና ቀስ ብለው የሚራመዱት እናት ግን ቀላል ራስ ምታት ብቻ ነበራቸው። ገና ሳይነጋ ልጁን ወደ ጎባ አወረድነው፤ ቀትር ሳይሆን ምግብ መብላት ጀመረ። ብርቱዎች የሚጎዱበት አንዱ ምክንያት ፍጥነታቸው ነው፦ ጉልበታቸው ስለሚፈቅድላቸው ሰውነታቸው ከሚለምደው በላይ ይፈጥናሉ፤ ምልክቱ ሲጀምራቸውም ለመናገር ያፍራሉ።

«መኪና የሚደርስበት ተራራ ለጀማሪ ይሆናል»

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ የመኪና መንገድ አለው፤ ስለዚህ ብዙዎች የመጀመሪያ ጉዟቸው ያደርጉታል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ስለሚጀምር፣ ወጥቶ ቀይ ቀበሮና ጅብራ አይቶ በዚያው ቀን 2,700 ሜትር ገደማ ወዳለችው ጎባ መመለስ ብዙ ሰው የሚችለው ነገር ነው። አደጋው ያለው እኛ እንዳደረግነው የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው ማደር ላይ ነው። በበጋም ቢሆን ቅዝቃዜው ሊዘነጋ አይገባም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል የሳኔቲ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል።

«ቀን ማሳጠር ገንዘብ መቆጠብ ነው»

ወደ ኪሊማንጃሮ ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች የፓርኩ ክፍያ በቀን ስለሚታሰብ አጭሩን ጉዞ ይመርጣሉ። የማራንጉን መንገድ እንመልከት፦ ማንዳራ ማረፊያ 2,720 ሜትር፣ ሆሮምቦ 3,720 ሜትር፣ ኪቦ ደግሞ 4,720 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ለከፍታ ተጓዦች የሚሰጠው የተለመደ የሕክምና ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግና በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ አንድ ቀን ማረፍ ነው። በአምስት ቀን የሚሄድ ሰው ይህን ልክ ሁለት ጊዜ በእጥፍ ካለፈ በኋላ፣ ኪቦ በደረሰበት ሌሊት ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ተጨማሪ 1,175 ሜትር ይወጣል። በሆሮምቦ አንድ ቀን መጨመር፣ ወይም እንደ ለሞሾ ያለውን ሰባትና ስምንት ቀን የሚፈጅ መንገድ መምረጥ፣ ጫፍ የመድረስን ዕድል በግልጽ ይጨምራል። ጫፉን ሳያዩ ከመመለስ የሚረክስ ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ ወይም ክኒን ይበቃል»

ነጭ ሽንኩርት ማኘክ የከፍታ ሕመምን እንደሚከላከል የተረጋገጠ ነገር የለም። አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ነው፤ በተግባር ግን ሰውነት ሙቀቱን እንዲያጣ ያደርጋል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ አተነፋፈስን ያዳክማል። አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት አተነፋፈስን በማፋጠን ሰውነት ቶሎ እንዲለምድ በእርግጥ ይረዳል፤ ሆኖም የሚወሰደው ሐኪም ከተማከረ በኋላ ነው፤ የታመመን ሰው ወደ ላይ ለማስቀጠልም አይውልም። የራስ ምታት ማስታገሻ ወስዶ መሻል ከሕመሙ መዳን አይደለም።

«ራስ ደጀን የአገራችን ተራራ ስለሆነ መጀመሪያ እርሱን እንውጣ»

በትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ተብሎ የተማርነው ራስ ደጀን በኋላ በተደረጉ ልኬቶች 4,550 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በመጨረሻው ዐለት ላይ እጅን ጥቂት ከመጠቀም በቀር መንገዱ የእግር መንገድ ነው። ጫናው ያለው በጉዞው ቅርጽ ላይ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንካበርን (3,250 ሜትር)፣ ግጭን (3,600 ሜትር) እና ጨነቅን (3,620 ሜትር) በየሌሊቱ እያደሩ ማለፍ ለሰውነት የሚስማማ መሰላል ነው። ከጨነቅ በኋላ ግን ተጓዡ በቧሂት ተራራ ሥር 4,200 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳል፤ እንደገና ወደ አምቢቆ 3,200 ሜትር ወጥቶ ያድራል። በማግሥቱ ከአምቢቆ 1,350 ሜትር ያህል ወጥቶ በዚያው ቀን ይመለሳል፤ ከዚያም የወረደውን ሁሉ መልሶ ሊወጣው ነው። ጉልበት የሚያልቀው በመሸሃ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ይህን ያልተለማመደ እግር በመልሱ ላይ ይከዳል።

ከሐዋሳ ለሚነሣ ሰው እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። ታቦር ላይ ያለ ማቋረጥ ለሁለትና ሦስት ሰዓት፣ ሸክም ይዞ መውጣትና መውረድ የተለማመደ ሰው በመጀመሪያ በሲዳማ ደጋ፣ በሀገረ ሰላም አካባቢ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ አድሮ እንቅልፉ እንዴት እንደሚሆን ይየው። ቀጥሎ በዶዶላና በአዳባ ደኖች ውስጥ በፈረስ እየታገዙ መሄድ፣ ወይም በዲንሾ ሁለት ሌሊት አድሮ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይመጣል። ከዚያ በአሰላ አድሮ ከ4,000 ሜትር ጥቂት የሚያልፈውን የጭላሎን ተራራ በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ ሦስተኛው ደረጃ ነው። በሰሜን ተራሮች እስከ ጨነቅ ያለውን የአራት ቀን መንገድ ሳይታመምና ጉልበቱን ሳይጨርስ የፈጸመ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ራስ ደጀንን፣ ሌናናን ወይም ኪሊማንጃሮን ሊያስብ ይችላል። ባትያንና ማርጋሪታ ከዚህ መሰላል ውጪ ናቸው፤ ለእነርሱ ገመድና ዐለት በሚያስተምር ሰው እጅ ሌላ ትምህርት መጀመር ያስፈልጋል።

በየደረጃው የሚመዘገብ ነገር አለ፦ በስንት ሜትር እንደታደረ፣ ጠዋት ራስ ምታት እንደነበረና ምግብ እንደተበላ። አስጎብኚው ወይም ስካውቱ (አብሮ የሚሄደው የፓርክ ጠባቂ) መንገዱን ያውቃል፤ የአንተን ሰውነት ግን አያውቀውም። ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ይህን ማስታወሻ ከፍቶ «ባለፈው ጊዜ 3,600 ሜትር ላይ አሞኝ ነበር» ብሎ የሚነግረው ተጓዥ ካለ፣ ማረፊያውንና የዕረፍቱን ቀን ለእርሱ በሚስማማ መንገድ ለማስተካከል ገና ጊዜ አለው።