የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው፦ ኑሮ ሲከብድ ከድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች ምን ይጎድላል?

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በቦንድ (በብድር ሰነድ) ከውጭ ለተበደረችው ገንዘብ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላርም በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከጅቡቲ በሚገባ ዕቃ ብዙ ሰው የሚያድርባት ድሬዳዋ የዶላር ነገር ቶሎ ይሰማታል። ትምህርት ቤቶቹ ግን አልተዘጉም። ደወል ይደወላል፣ ዩኒፎርም ይለበሳል፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ካርድ ይሰጣል። በዚህ የተነሳ ብዙ ወላጅ የኑሮው ችግር ክፍል ውስጥ መግባቱን አያስተውልም፤ ውጤት ሲወጣ ደግሞ ጥፋቱን ከማይመለከተው ሰው ላይ ይጥላል። ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን በወላጆች ስብሰባ ላይ የሚደጋገሙት ሐሳቦች እነዚህ ናቸው።

«ከመቶ ሦስት ተማሪ ብቻ ያለፈው ፈተናው ስለከበደ ነው»

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በ2014 የተለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የፈተናው ቦታ ነው፤ ተማሪው በገዛ ትምህርት ቤቱ መፈተኑ ቀርቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገባ። ለዓመታት ፈተና ሲሰረቅና ሲኮረጅ ቆይቷል፤ በ2008 እንዲያውም አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። ሁለተኛው የማለፊያ ነጥቡ ነው። ቀደም ሲል ነጥቡ ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀበሉት ተማሪ ቁጥር ልክ ይቆረጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 50 በመቶ ሆነ። ያ ውጤት እንግዲህ የአንድ ዓመት ስንፍና አይደለም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲከማች የመጣው ክፍተት በአንድ ቀን ታየ።

ክፍተቱ የሚጀምረው ከንባብ ነው። የዓለም ባንክ እንደሚለው በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያልቻለ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ የሚያስተምረው አያገኝም፤ የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ልጁ ማንበብ እንደሚችል አድርጎ ነው የሚጀምረው። እንዲህ እየተገፋ ዘጠነኛ ክፍል ይደርሳል፤ እዚያ ደግሞ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል።

ልጅዎ ከምን ላይ እንዳለ ለማወቅ ካርዱን አይመኑ። ያላየውን አጭር ታሪክ ይስጡትና ስልክዎ ላይ አንድ ደቂቃ ይሙሉ፤ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ይቁጠሩ፤ ከዚያም ስላነበበው ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ልጁ ክፍል ውስጥ በጋራ ሲጮህበት የከረመውን ምንባብ ይሰጠዋል፤ ልጁም በቃሉ ይወጣዋል። ዓይኑ ከገጹ እየተነሳ አፉ የሚቀጥል ከሆነ እያነበበ አይደለም። ሥዕሉን በእጅዎ ይሸፍኑና ከመሀል መስመር ያስጀምሩት። የሦስተኛ ክፍል ልጅ በደቂቃ 30 ቃል እንኳ የማይሞላ ከሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋዋል።

ፊደልም እንደዚሁ ነው። «ሀ ሁ ሂ» ብሎ የሚወርድ ልጅ «ጮ»ን ለብቻዋ ሲያሳዩት ከ«ጨ» ጀምሮ ካልቆጠረ የማያውቃት ጊዜ አለ። መፍትሔው ወጪ የለውም፦ ከካርቶን ትንንሽ ካርዶች ይቁረጡ፤ በቀን አሥር ፊደል ተራቸውን አፋልሰው ያሳዩት፤ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ የሳታቸው ካርዶች ለነገ ይደገማሉ። 231 ፊደል በዚህ አካሄድ ከነክለሳው በሁለት ወር ውስጥ ይያዛል።

«ልጁ የደከመው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ስለተማረ ነው»

ድሬዳዋ ላይ በታችኛው ክፍል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይማራሉ፤ ሐረር ላይ ሐረሪኛም አለ። ልጅ ማንበብን ቶሎ የሚለምደው በሚናገረው ቋንቋ ነው፤ አንዴ ካወቀበት ሌላ ቋንቋ ሲጨምር የሚማረው አዲሱን ፊደልና አዲሶቹን ቃላት እንጂ ንባብን ከሥሩ አይደለም። እውነተኛው ችግር አንዱን ትምህርት በሦስት ቋንቋ ማቅረብ ሦስት ዓይነት መጽሐፍና በየቋንቋው የሠለጠነ መምህር መፈለጉ ነው። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘገየው ጥቂት ኮፒ የሚታተምለት ቋንቋ ነው።

«ደመወዝ ተጨምሮለታል፤ መምህሩ የማያስተምረው ስለሰነፈ ነው»

በመስከረም 2018 በሥራ ላይ በዋለው ጭማሪ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪ መኖሩ እውነት ነው። ግን ስሌቱን ይመልከቱ፦ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ቢጨምር፣ ዛሬ በ10,000 ብር የሚገዛውን አስቤዛ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመግዛት 17,280 ብር ያስፈልጋል። ደመወዙ ወደ 13,000 ብር ያደገለት መምህር በወረቀት ላይ ጭማሪ አግኝቷል፤ በጓዳው ግን ሩቡ ያህል ጎድሎበታል።

ጉድለቱን የሚሞላው በጊዜው ነው። ማታ ቤት ለቤት ያስጠናል፣ በተቃራኒው ፈረቃ የግል ትምህርት ቤት ይገባል፣ ባጃጅ ይነዳል። ክፍል መግባቱን አይተውም፤ የሚተወው ከክፍል ውጭ ያለውን ሥራ ነው፤ ቀድሞ የሚቀረውም እርማት ነው። ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ላሳይ፦ አንድ የሒሳብ መምህር አራት ክፍል ቢይዝ፣ በየክፍሉ 60 ተማሪ ቢኖር 240 ደብተር ነው። ለአንድ ደብተር ሦስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 720 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት ይሆናል፤ ያውም ለአንድ የቤት ሥራ። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ትልቅ የራይት ምልክትና ፊርማ ይቀመጥና ያልፋል፤ ልጁ ክፍልፋይ ሲደምር ታችኞቹን ቁጥሮች አብሮ እየደመረ ዓመቱን ይጨርሳል፤ ማንም አልነገረውም።

ወላጅ ስብሰባ ላይ «የቤት ሥራ ይብዛ» ብሎ መጠየቅ ይህን ያባብሰዋል። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ የዕለቱ መልስ ሰሌዳ ላይ ተሠርቶ ተማሪዎች ደብተር ተለዋውጠው ያርሙ፤ መምህሩ ከየክፍሉ በቀን ስድስት ደብተር ብቻ ሰብስቦ በደንብ ይይ። 24 ደብተር ነው፣ 72 ደቂቃ ይፈጃል። በአሥር የትምህርት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጊዜ በመምህሩ እጅ ይታረማል። መምህሩ የሚደጋገመውን ስህተት መዝግቦ በማግሥቱ አሥር ደቂቃ ቢያስረዳበት፣ ያልታረሙትም ያተርፋሉ።

መምህር ጨርሶ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ከዚምባብዌ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የዋጋ ንረቱ ደመወዙን የትራንስፖርት እንኳ እንዳይሆን አድርጎት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ ቦትስዋና ተሰደዱ፤ አብዛኛው ትምህርት ቤት ሥራ አቆመ። በ2009 መንግሥት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 100 የአሜሪካ ዶላር መስጠት ሲጀምር ነው ክፍሎቹ እንደገና መከፈት የጀመሩት። 100 ዶላር በቂ ደመወዝ ሆኖ አይደለም፤ ወር እስከ ወር ዋጋውን ጠብቆ የሚቆይ ገንዘብ ስለነበረ ነው።

«የጎደለው ሕንፃ ነው፤ ብሎክ ይሠራልን»

ክፍል ሲጨናነቅ ብሎክ ያስፈልጋል፤ አያከራክርም። ነገር ግን ከብሎኩ በፊት ያለው ሰዓት የት እንደሚሄድ መታየት አለበት። በፈረቃ የሚማር ልጅ በቀን 40 ደቂቃ የሚፈጁ ስድስት ክፍለ ጊዜዎች ቢኖሩት 240 ደቂቃ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ቢባክን (መምህሩ ከክፍል ክፍል ሲሄድ፣ ስም ሲጠራ፣ ጠመኔ ሲፈለግ) 60 ደቂቃ፣ ማለትም ሩቡ ጠፋ። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በዚህ ሒሳብ የተማረው ስድስት ዓመት ነው። በሰልፍ ላይ የሚረዝም ማስታወቂያ ደግሞ ሁልጊዜ የሚበላው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ነው፤ ያ ክፍለ ጊዜ የማን ትምህርት እንደሆነ ፕሮግራሙን ማየት ነው።

የድሬ ሙቀት ሌላው ሌባ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ተማሪ ላቡን ይጠርጋል እንጂ አይሰማም። ኮርኒስ ውድ ከሆነ ያለ ገንዘብ የሚሠሩ ነገሮች አሉ፦ ንባብና ሒሳብ በፈረቃው መጀመሪያ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ይደረጉ፤ ነፋስ እንዲያልፍ የሁለቱም ግድግዳ መስኮቶች ይከፈቱ (የተሰበረ መስኮት በካርቶን መድፈን ክፍሉን ምድጃ ያደርገዋል)፤ የጠዋትና የከሰዓት ተማሪዎች በየወሩ ይቀያየሩ። ፈረቃ የማይቀያየርበት ትምህርት ቤት ሁልጊዜ የሚጎዱት ያው ልጆች ናቸው።

«መጽሐፉ በፒዲኤፍ አለ፤ ማውረድ ነው»

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የብዙ ክፍል መጽሐፍ በፒዲኤፍ ተለቋል፤ ይህ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ ግን አንድ ነው፤ አባት ጠዋት ይዞት ይወጣል። በትንሽ ስክሪን ላይ ጥያቄውን አይቶ፣ ወደ ላይ ተመልሶ ምሳሌውን ፈልጎ መሥራት ለአሥር ዓመት ልጅ ከባድ ነው። መጽሐፍ በሌለበት ክፍል መምህሩ ኖቱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ከ40 ደቂቃ 20ው ለመገልበጥ ይሄዳል፤ ከላይ ከተቆጠረው ብክነት ላይ የሚደመር ነው።

ሙሉ መጽሐፍ ማተም አይሞከርም፤ አንድ ምዕራፍ ግን ይቻላል። 20 ገጽ ያለው ምዕራፍ በሁለት በኩል ሲታተም 10 ወረቀት ነው። ለ60 ተማሪ፣ አንዱን ለአራት፣ 15 ኮፒ ቢባል 150 ወረቀት ይፈጃል። አንድ 500 ወረቀት የያዘ እሽግ ለሦስት ምዕራፍ ይበቃል። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ከሚሰበስበው መዋጮ ላይ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው እላለሁ፤ ከአጥር ቀለም በፊት። ኮፒዎቹ ቁጥር ይጻፍባቸው፣ በቡድን መሪ ፊርማ ይሰጡ፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ተሰብስበው ለሌላው ፈረቃ ይተላለፉ። ፊርማ ከሌለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግማሹ ይጠፋል።

ዚምባብዌ ከውድቀቱ ስትነሳ ቅድሚያ ከሰጠቻቸው ነገሮች አንዱ መጽሐፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በለጋሾች ገንዘብና በዩኒሴፍ አስተባባሪነት 13 ሚሊዮን መጽሐፍ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታደለ፤ አንዱን መጽሐፍ ለአሥር ይካፈሉ የነበሩ ልጆች በዋና ዋና ትምህርቶች ለየራሳቸው አገኙ።

«የግል ካስገባሁት ድኗል»

ሊባኖስን ያየ ይህን አይልም። ከኢኮኖሚ ቀውሱ በፊት እዚያ አብዛኛው ተማሪ በግል ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአገሩ ገንዘብ ሊራ ከዋጋው ከ90 በመቶ በላይ ሲያጣ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ተመለሱ። የተመለሱት ደመወዙ ወደሟሟበት መምህር ነበር፤ በ2023 መጀመሪያ አድማው ለወራት ክፍሎችን ዘጋ። የመንግሥቱ ሲደክም የግሉም መጠጊያ አይሆንም። እዚህም ከሰዓት የግሉን የሚያስተምረው ጠዋት የመንግሥቱን ያስተማረው መምህር የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ክፍያውን እስከ ዓመቱ መጨረሻ መዝለቅ የማይችሉ ከሆነ በመስከረም ይወስኑ፤ በየካቲት ልጅ ማዛወር ቦታም ያሳጣል፣ ግማሽ ዓመትም ያባክናል።

«ዘንድሮ ይሥራና ከርሞ ይመለሳል»

ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን በሚባለው ገበያ ዕቃ የሚሸከም ወይም ጫት ተራ የሚላላክ የ13 ዓመት ልጅ በቀን የሚያገኘው ለቤቱ ዳቦ ነው፤ ወላጁን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ከርሞ መመለሱ ግን እንደሚታሰበው አይቀልም። እኩዮቹ አልፈውታል፣ ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ ያፍራል፣ ገንዘብ ለምዷል።

ከማቋረጥ በፊት የሚሞከሩ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ፈረቃው ከሥራው ሰዓት ጋር እንዲስማማ እንዲቀየርለት ርዕሰ መምህሩን ይጠይቁ፤ ይህን ጥያቄ በሴሚስተር መጀመሪያ ማቅረብ ይቀላል። ለትልልቆቹ የማታ ትምህርት አለ። ምንም ካልሆነና የግድ ከሆነ፣ ዝም ብለው አያስቀሩት፤ በጽሑፍ አሰናብተው የደረሰበትን ውጤት የሚያሳይ ማስረጃ ማኅተም አስደርገው ይያዙ። ሳይሰናበት የጠፋ ተማሪ ሮስተር ላይ «አቋርጧል» ተብሎ ይቀራል፤ ሲመለስ ማስረጃ ፍለጋ ሲመላለስ ምዝገባ ያልፈዋል።

የክፍል ኃላፊ መምህራን ደግሞ የሚያዩት ምልክት አለ፦ ልጁ አንድ ቀን ከመቅረት አልፎ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተለይ ያንኑ ቀን ደጋግሞ መቅረት ሲጀምር ሥራ ይዟል ማለት ነው። በስም መጥሪያው ላይ ያ ነገር ሁለት ሳምንት ከተደጋገመ ወላጅ መጠራት ያለበት ያኔ ነው። ወር ሲሞላው የሚጠራ ወላጅ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው የሚመጣው፤ ልጁ ሥራ ላይ ነው።