የመልስ ፋታ ምንድን ነው?

አራት ኪሎ፣ እህቴ ቤት ነን። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ አሻንጉሊት «ኳሷ የት ገባች?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። ሙዚቃ የለ፣ ወሬ የለ። ዓይኑን ብቻ ያቁለጨልጫል። የሦስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ብድግ ብላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ለጠፈችና «አልጋው ሥር!» ብላ ጮኸች። «ጎበዝ!» አላት። እናቴ ከረከቦቱ ቀና ብላ «አሁን እሱ ይሰማታል?» አለች።

አይሰማትም። ሥራውን የሠራችው ያቺ ዝምታ ናት። የመልስ ፋታ ልበላት።

ስክሪን ላይ ያለ ሰው ፊት ለፊት እያየ ሲያወራን የምናውቀው ይመስለናል። ሆርተንና ዎል የተባሉ አሜሪካውያን ይህን የአንድ ወገን ቅርርብ በ1956 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። አባባ ተስፋዬ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉ እኔን ብቻ የሚያናግሩ ይመስለኝ ነበር። የናንተም ቤት እንደዚያው ነበር መሰለኝ።

ፋታዋን በደንብ ከተጠቀሙባት አንዱ በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የጀመረው «ብሉስ ክሉስ» የተባለ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። አቅራቢው ካሜራውን እያየ ይጠይቃል፤ ከዚያ አዋቂን እስኪያሰለች ይጠብቃል። ትንሽ ልጅ ጥያቄውን ሰምቶ፣ አስቦ፣ ቃሉን ፈልጎ እስኪያወጣ ጊዜ ይፈልጋላ! ደግሞ አንዱን ክፍል ከሰኞ እስከ ዓርብ ደጋግመው ያሳዩት ነበር። ሰኞ አፉን ከፍቶ ያየ ልጅ ዓርብ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይጮኻል። እኛን ድግግሞሽ ያሰለቸናል፤ እሱ ግን ማወቁ ያኮራዋል። ያንኑ ተረት ለአሥረኛ ጊዜ ያስነገራችሁ ልጅ ካለ፣ አንዲት ቃል ስትዘሉ እንዴት እንደሚቆጣ ታውቃላችሁ።

ዩቲዩብ ላይ የሚጎርፈው የልጆች ቪዲዮ ብዙው ይጠይቃል፣ ግን አይጠብቅም። እንደ ቸኳይ መምህር ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። ልጅቷ እሱንም ፈዛ ታየዋለች። አፏ ግን አይከፈትም፣ ከሶፋውም አትነሳም።

የዚያን ቀን አሻንጉሊቱ «ድመቷስ?» ብሎ ገና ዝም ከማለቱ መብራት ሄደ። እኛ ሻማ ፍለጋ ተነሳን። እሷ ግን ጨለማው ስክሪን ፊት ቆማ «በሩ ኋላ!» አለች። ከዚያም «ጎበዝ» እስክትባል ጠበቀች።